የተጠማዘዘ ድምፅና የሚሽከረከር ማይክ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሚሠራው ነገር

ስምንት ትንንሽ ስፒከሮች በክብ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚንቀሳቀስ የሚወጣው ሞገድ እንደ ገመድ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ከፊቱ ማይክ የያዘ ዲስክ ይሽከረከራል። ማይኩ ወደ ስፒከሮቹ አይቀርብም፣ አይርቅምም፤ ዝም ብሎ ይዞራል። የሚለካው መዞሩ ብቻ የሚሰማውን ድግግሞሽ (ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፤ መለኪያው ኸርዝ ነው) ምን ያህል እንደሚለውጠው ነው።

ስሌቱ አጭር ነው፦ የሚሰማው ድግግሞሽ = የምንጩ ድግግሞሽ − (የጥምዝ ቁጥር × ዲስኩ በሰከንድ የሚዞረው ዙር)። የጥምዝ ቁጥር ማለት ቀለበቱን አንዴ ስንዞር ሞገዱ ስንት ሙሉ ዑደት እንደሚጨርስ ነው። ደመራ ዙሪያ ችቦ ይዘው የሚዞሩ ሰዎችን ቆሞ የሚያይ ሰው በደቂቃ የሚያልፉትን ይቆጥራል። ከእነሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ያነሰ ይቆጥራል፤ እኩል ቢሄድ አንድም አያልፈውም፤ ቢቀድማቸው ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄዱ ይመስሉታል። የዚህ ሥራ ዋና ጉዳይ መቅደሙ ነው። ያን ጊዜ ከስሌቱ የሚወጣው ቁጥር ከዜሮ በታች ይሆናል።

የሶቪየቱ ፊዚክስ ሊቅ ዜልዶቪች በ1971 እንዳሰላው፣ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ የሚሽከረከር አካል የተጠማዘዘ ሞገድን መምጠጡን ትቶ ከራሱ ሽክርክሪት ጉልበት እየጨመረበት ይመልሰዋል። እሱ ያሰበው ለኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነበር፤ ለብርሃን የሚያስፈልገውን ፍጥነት ግን ምንም ዲስክ አይችለውም። ለ60 ኸርዝ ድምፅ ተራ ሞተር ይበቃል። በ2020 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስፒከር ቀለበትና በሚሽከረከር ስፖንጅ ዲስክ ድምፁ እስከ 30 በመቶ ሲጎላ ለክተዋል። እዚህ የተያዘው የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ቀን 1፦ ድግግሞሽ መምረጥ

መጀመሪያ የታሰበው 100 ኸርዝ ነበር፤ ወዲያው ተሰረዘ። የመብራታችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ትራንስፎርመርና ርካሽ አዳፕተር ሁሉ 100 ላይ ያጉረመርማል። ስለዚህ ለመነሻው 120፣ ዜሮን ለመሻገር ደግሞ 60 ኸርዝ ተያዘ። ሁለቱም በ48,000 ናሙና በሰከንድ (ናሙና ማለት ኮምፒውተሩ ሞገዱን የሚመዘግብበት አንድ ነጥብ ነው) ሲሠሩ ቁጥራቸው ሳይሰበር ይከፈላል፦ የ120 ኸርዝ አንድ ዑደት 400 ናሙና፣ ሩቡ 100፤ የ60ው 800፣ ሩቡ 200። ሩቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ነገ ይታያል።

ከፍታን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሳሳ ይላል እንጂ የድምፅ ፍጥነት በዚያ ምክንያት አይቀንስም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ሙቀት ነው። በ20 ዲግሪ 343 ሜትር በሰከንድ፣ ባሕር ዳርቻም እንጦጦም ላይ ያው ነው። የሳሳ አየር የሚነካው ከስፒከሩ የሚወጣውን ኃይል ነው።

ቀን 2፦ ስምንት ስፒከር በሁለት ቻናል

ስምንት ስፒከር ስምንት አምፕ የሚፈልግ ይመስላል። የጥምዝ ቁጥሩ 2 ከሆነ ግን አንድ ስቴሪዮ አምፕ ይበቃል። ፌዝ ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ቦታ ነው፤ ሙሉ ዑደት 360 ዲግሪ ይባላል። ከስፒከር ወደ ስፒከር የሚያስፈልገው የፌዝ ልዩነት 2 × 360 ÷ 8 = 90 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ ተራው 0፣ 90፣ 180፣ 270፣ 0፣ 90፣ 180፣ 270 ይሆናል። 180 ማለት ሽቦው የተገለበጠ 0 ነው። 270 ደግሞ የተገለበጠ 90 ነው። (ፌዝ ስንል የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፌዝ እንጂ የፌዘኛው አይደለም።)

ስፒከሮቹ 10 ሴንቲ ሜትር፣ 8 ኦም፣ ሁሉም ከአንድ ካርቶን የወጡ። በሰዓት አቅጣጫ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ተጻፈባቸው።

ግራ ቻናል፦ 1 እና 5 በቀጥታ፣ 3 እና 7 ተገልብጠው።
ቀኝ ቻናል፦ 2 እና 6 በቀጥታ፣ 4 እና 8 ተገልብጠው።

በየቻናሉ ሁለት ሁለቱ በተከታታይ ይያያዙና ሁለቱ ጥንዶች ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ አምፑ የሚያየው ድምር ያው 8 ኦም ነው። በተከታታይ የተያያዙት ዓይነታቸው ከተለያየ ግን አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያንቀላፋል። ከተለያየ አሮጌ ቴፕ የተፈታ ስፒከር አያዋጣም።

የስፒከሩን ፕላስ ለማወቅ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ይነካል፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከተገፋ የባትሪው ፕላስ የነካው ጫፍ ፕላስ ነው። ፋብሪካው የቀባውን ቀይ ነጥብ አለማመን ይሻላል።

አምፑ በ12 ቮልት የሚሠራ ቲፒኤ3116 ቦርድ ነው። አንድ አደጋ አለው፦ የግራና የቀኝ ማይነሶቹ ሁለቱም ሲግናል የሚወጣባቸው ናቸው፤ ግራውንድ አይደሉም። "የጋራ ማይነስ" ብሎ ያገናኛቸው ሰው ቦርዱን ያቃጥላል። መገልበጡ የሚሠራው ስፒከሩ ጫፍ ላይ ብቻ ነው።

ሲግናሉ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ተሠራ፦ ሁለት ትራክ፣ ሁለቱም ያው ሳይን (አንድ ድግግሞሽ ብቻ ያለው ንጹሕ ሞገድ)፣ በቀኙ መጀመሪያ ላይ 100 ናሙና ዝምታ ተጨምሮ (ለ60 ኸርዝ 200)። ፋይሉ ዌቭ ይሁን። ኤምፒ3 ሁለቱን ቻናሎች አንድ ላይ ስለሚጨምቅ ፌዙን ሊያበላሽ ይችላል። የኮምፒውተሩና የስልኩ "ድምፅ ማሻሻያ" የሚባል ነገር ሁሉ ይጠፋል። ጥምዙን ለመገልበጥ የግራና የቀኝ ገመድ ማለዋወጥ በቂ ነው።

ቀን 3፦ ቱቦዎቹ፣ እና የመጀመሪያው ስህተት

ማይኩ የሚዞርበት ክብ ሬዲየሱ 6 ሴንቲ ነው። በዚያ ዙሪያ ስምንት ቀዳዳ ሲደረደር በመካከላቸው ያለው 4.7 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ 10 ሴንቲ ስፒከር አይገባም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስፒከር አፍ ላይ ዘይት መገልበጫ ሾጣጣ ፕላስቲክ ተለጠፈ፤ ከእሱ የ20 ሚሊ የኤሌክትሪክ ቱቦ ተስቦ በ12 ሚሊ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ላይ በ45 ዲግሪ ልዩነት በተበሱ ስምንት ቀዳዳዎች ይወጣል።

ቱቦዎቹ መጀመሪያ ለአሠራር እንዲመች 70 ሴንቲ ተቆረጡ። በ120 ኸርዝ ሲሞከር የስምንቱ ፌዝ ተበታተነ፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ። ምክንያቱ ቱቦው ራሱ ነው። አንድ ጫፉ በስፒከር የተዘጋ፣ ሌላው የተከፈተ ቱቦ ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ ሲሆን ያስተጋባል፦ 343 ÷ (4 × 0.70) = 122.5 ኸርዝ። ልክ የተመረጠው ድግግሞሽ ላይ! ማስተጋቢያው አካባቢ ፌዝ በጣም በፍጥነት ስለሚለወጥ ትንሽ የሲሊኮን ፍሳሽ ወይም የሾጣጣው ጥቂት ልዩነት ሃያና ሰላሳ ዲግሪ ሆኖ ይወጣል። ወደ 40 ሴንቲ ሲያጥሩ ማስተጋቢያው ወደ 214 ኸርዝ ወጣ፤ ሾጣጣው ትንሽ ዝቅ ቢያደርገውም በቂ ርቀት ነው።

የቱቦ ርዝመት ልዩነት ብዙ አያሳስብም። በ120 ኸርዝ 1 ሴንቲ ስህተት 1.3 ዲግሪ ብቻ ነው። የሚያሳስበው አየር የሚያስወጣ መገጣጠሚያ ነው፤ ድምፁን ያሳንሰዋል። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጣትን እያዞሩ መፈተሽ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል፦ ጣት ሲያርፍበት ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳ አለ።

ቀን 4፦ ቆሞ መለካት

ማይኮቹ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠሩ፣ ለቪዲዮ ቀረጻ ደረት ላይ የሚሰኩ ገመድ አልባ ማይኮች ናቸው፤ ጥንድ ሆነው ነው የሚሸጡት። ተቀባዩ በስቴሪዮ ሲቀመጥ አንደኛው ማይክ ግራ፣ ሁለተኛው ቀኝ ይቀዳል። ሁለተኛው ማይክ ቱቦ 1 ፊት ይቆማል፤ የመጀመሪያው በየ22.5 ዲግሪው ይዞራል። ሁለቱም እኩል ስለሚዘገዩ የፌዝ ንጽጽሩ አይዛባም።

መጀመሪያ ምንም አልተቀዳም ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ይጀምርና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይከስማል። ጥፋቱ የማይኩ "ጩኸት ማጥፊያ" ነው። የማይለዋወጥ ረጅም ድምፅ ለእሱ የማራገቢያ ጩኸት ነውና ያጠፋዋል። እሱም፣ ዝቅተኛ ድምፅ መቁረጫውም ጠፉ።

መታየት ያለበት፦ በየ22.5 ዲግሪው ፌዙ 45 ዲግሪ ይራመዳል፣ በሙሉ ዙር ሁለት ጊዜ 360 ይሞላል፤ የቀለበቱ መሃል ላይ ደግሞ ስምንቱ ተጠፋፍተው ድምፁ ቢያንስ 20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ) ዝቅ ይላል። ሁለቱም ታዩ።

ቀን 5፦ ዲስኩ

አክስሉ 8 ሚሊ ብሎን በሁለት 608 ኩሽኔታ። ሞተሩ 12 ቮልት 775፣ ከፍጥነት መቆጣጠሪያ ጋር፤ ንዝረቱ ወደ ቀለበቱ እንዳይሄድ 60 ሴንቲ ራቅ ብሎ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ታስሮ በቀጭን ክብ ቺንጋ ይነዳል። የጠረጴዛ ማራገቢያ ሞተር አይበቃም፤ ከ1,500 ዙር በደቂቃ ማለፍ አይችልም፣ እዚህ ደግሞ ወደ 3,000 ያስፈልጋል።

10 ግራም የምትመዝን ማይክ 6 ሴንቲ ላይ በ600 ዙር በደቂቃ ስትዞር ወደ ውጭ የምትጎትተው 240 ግራም ያህል ነው። በ3,000 ዙር 6 ኪሎ ይሆናል። ናስትሮ ብቻውን አይይዛትም። ሁለት የፕላስቲክ ማሰሪያ በዲስኩ ቀዳዳዎች አልፎ ታሰረ፣ ከውጭ በኩል ደግሞ በብሎን የተያዘ ትንሽ እንጨት ተደገፈ። ሁለተኛዋ ማይክ ጠፍታ በተቃራኒው በኩል ማመጣጠኛ ሆነች፤ ቀሪው ልዩነት በወርቅ ቤት ሚዛን እየተለካ በሮንዴላ ተስተካከለ። በዲስኩ ጠርዝ ትይዩ ማንም አይቆምም፤ በዚያ በኩል ወፍራም ኤምዲኤፍ ተገተረ።

ነፋሱም አለ። በ3,000 ዙር ማይኩ በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ የነፋስ ጩኸት ደግሞ ልክ እኛ የምንፈልገው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ነው የሚከብደው። መፍትሔው ማይኩን ክዳን በሌለው ክብ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በስፖንጅ ቀብሮ አፉን በሻሽ መወጠር ነው። በውስጡ ያለው አየር ከማይኩ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ነፋሱ ሻሹ ላይ ይቀራል።

ቀን 6 እና 7፦ መስመሮቹን ማንበብ

ምንጩ 120 ኸርዝ፣ ማይኩ ከቀለበቱ 3 ሴንቲ። ዲስኩ በ600 ዙር በደቂቃ፣ ማለትም 10 በሰከንድ እንዲዞር ተደረገ፤ ይህ ጥሩ ምርጫ አልነበረም። የዲስኩ የራሱ ጩኸት በ10፣ 20፣ 30… ላይ ነው፤ የሚጠበቀው 100 ኸርዝ እዚያው ውስጥ ይገባል። ወደ 630 (10.5 በሰከንድ) ሲለወጥ የሚፈለገው 99 ላይ፣ የዲስኩ ጩኸት ደግሞ 94.5 እና 105 ላይ ሆኖ ተለያዩ።

የተቀዳው ድምፅ በስፔክትረም፣ ማለትም የትኛው ድግግሞሽ ምን ያህል እንደጎላ በሚያሳይ ሥዕል ይታያል። 99 ላይ መስመር አለ። ግን 120 ላይም እሱን የሚያህል መስመር ቆሟል፤ በ109.5 እና በ130.5 ላይም ትንንሽ። እዚህ ላይ መቆየት ያዋጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ መስመር የትኛው ክፍል እንደተበላሸ ይናገራል።

ከምንጩ በሁለት ዙር ዝቅ ያለው (99) የተፈለገው ጥምዝ ነው። በሁለት ዙር ከፍ ያለው (141) ተቃራኒ ጥምዝ ሲሆን፣ ግራና ቀኝ እኩል አለመሆናቸውን ያሳያል፦ አንዱ ቻናል 10 በመቶ ቢበልጥ ይህ መስመር ከዋናው 26 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የ90 ዲግሪው ልዩነት በ10 ዲግሪ ቢሳሳት 21 ገደማ። በስድስት ዙር ከፍ ያለው (183) የማንም ጥፋት አይደለም። ስምንት ነጥብ ሁለት ጥምዝን ሲሠራ ስድስት ተቃራኒ ጥምዝንም አብሮ ይሠራል፣ 2 − 8 = −6። ይህኛው ከቀለበቱ ሲራቅ ቶሎ ይሞታል፤ በግምት 1 ሴንቲ ላይ ከዋናው 6 ዴሲቤል፣ 3 ሴንቲ ላይ 17 ዴሲቤል ያንሳል። ማይኩ 3 ሴንቲ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ብዙ ቢራቅ ደግሞ ዋናው ራሱ ይጠፋል፤ ቀለበቱ ከ2.9 ሜትር የሞገድ ርዝመት አንጻር ኢምንት ስለሆነ ጥምዙ ሩቅ አይጓዝም።

ያልተንቀሳቀሰው 120 እና በአንድ ዙር የራቁት ሁለቱ ግን የአንድ ስፒከር ጥፋት ምልክት ናቸው። ከስምንቱ አንዱ ቢገለበጥ ዋናው ጥምዝ ከ8 ወደ 6 ይወርዳል፣ ሌሎቹ ሁሉ 2፣ 2 ይደርሳቸዋል፤ ቀለበቱ ላይ አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ያልተጠማዘዘው ክፍል ከርቀት ጋር በዝግታ ስለሚቀንስ 3 ሴንቲ ላይ ዋናውን ሊያህል ይደርሳል። የታየው ይኸው ነው። ስፒከር 6 ከቀን 4 በኋላ ተነቅሎ ሲበየድ ተገልብጦ ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ የቀን 4ቱ ልኬት በየ22.5 ዲግሪው ሳይሆን በአራት ቦታ ብቻ ስለተደገመ አላየውም። ሲስተካከል 120ው ከዋናው 20 ዴሲቤል በታች ወረደ።

የግራና ቀኝ ገመድ ሲለዋወጥ መስመሩ ከ99 ተነስቶ 141 ላይ ተቀመጠ። ከዚህ ሥራ አንድ ማሳያ ብቻ ምረጡ ቢባል ይህ ነው።

ለማነጻጸር ስምንቱ በአንድ ስፒከር ተተኩ። አሁን መስመሮቹ ከ120 ግራና ቀኝ እኩል ይቆማሉ፦ 109.5 ካለ 130.5ም አለ። ማራገቢያ ፊት ሲወራ ድምፅ የሚንቀጠቀጠውም እንዲሁ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ መሣሪያ የሆነው ቪብራፎንም በየቱቦው አፍ ላይ በሞተር የሚዞር ክብ ቆርቆሮ አለው፤ ቱቦውን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ እየከፈተ እየዘጋ ድምፁን ያርገበግበዋል። መዝጋትና መክፈት አቅጣጫ አያውቅም፤ ስለዚህ በሁለቱም ወገን እኩል ይረጫል። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚገፋው ጥምዙ ነው።

ቀን 9፦ ከዜሮ በታች

ምንጩ 60 ኸርዝ። ዜሮው 30 ዙር በሰከንድ ላይ ነው፣ ማለትም 1,800 በደቂቃ። ፍጥነቱ ቀስ ተብሎ ሲጨመር መስመሩ ከ60 ወደ 40፣ ወደ 30 ይወርዳል፣ ከ20 በታች ማይኩም አይሰማው፣ ይሰወራል። በ2,880 ዙር በደቂቃ (48 በሰከንድ) በ36 ኸርዝ ላይ ተመልሶ ወጣ፤ 60 − 96 = −36።

ስፔክትረሙ ግን የማይነስ ምልክት አያሳይም። 36ቱ ሌላ የዲስክ ጩኸት አለመሆኑ በምን ይታወቃል? ምንጩን ከ60 ወደ 61 ኸርዝ ከፍ ማድረግ ነው። በዝግታ (10.5 በሰከንድ) ሲዞር የሚሰማው ከ39 ወደ 40 ይወጣል። በ48 ሲዞር ከ36 ወደ 35 ይወርዳል። ምንጩ ሲጨምር የሚቀንስ ድምፅ የተገለበጠ ነው። ሁለቱም እንደተባለው ሆኑ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ትንንሽ ስፒከሮች 60 ኸርዝን በግድ ነው የሚያወጡት፤ ድምፁ ሲበዛ 180 ላይ ጓደኛ ያበቅላሉ። የዚህ ፌዝ በሦስት ስለሚባዛ ጥምዙ 6 ይሆናል፣ በስምንት ስፒከር ደግሞ 6 እና −2 አንድ ናቸው። ስለዚህ በተቃራኒው ይዞርና 276 ላይ ይታያል፤ አዲስ ግኝት አይደለም፣ ድምፁን መቀነስ ብቻ ነው። ሌላው የሞተሩ ፍጥነት ነው፦ በ1 በመቶ ቢዋዥቅ መስመሩ 1 ኸርዝ ይሰፋል። በ65,536 ናሙና የሚሰላ ስፔክትረም 0.73 ኸርዝ ስለሚለይ የ35 እና የ36 ፈተና ዳር ላይ ነው ያለው። ከአዳፕተር ይልቅ በመኪና ባትሪ ሲነዳ ፍጥነቱ ረጋ።

ቀን 11፦ ስፖንጅ

አሁን በማይኩና በቀለበቱ መካከል ከዲስኩ ጋር የሚዞር ስፖንጅ ገባ፤ ጥያቄው ዜሮው ከታለፈ በኋላ የሚያልፈው ድምፅ ይጎላል ወይ ነው። ማይኩ ለተለያየ ድግግሞሽ ያለው ጆሮ ስለሚለያይ 36ን ከ60 ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። ለዚህ የተመረጠው መንገድ ያው 36 ኸርዝ በሁለት በኩል እንዲመጣ ማድረግ ነው፦ በ12 ዙር በሰከንድ ሲዞር +36፣ በ48 ሲዞር −36። መጀመሪያ ያለ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ከስፖንጅ ጋር፤ የሁለቱ ጥምርታ ይወሰዳል።

ውጤት አልተያዘም። 30 በመቶ መጉላት 2.3 ዴሲቤል ነው፤ ያው ልኬት ሦስት ጊዜ ሲደገም ግን በራሱ 2 ዴሲቤል ያህል ይለያያል። ዲስኩ ሲፈታ ምክንያቱ ታየ፦ በ48 ዙር 5.6 ኪሎ የሚጎትታት ማይክ የተቀበረችበትን ስፖንጅ እየጨመቀች ቦታዋን ትለቃለች። ወደ ቀለበቱ 3 ሚሊ መጠጋት ወይም መራቅ ብቻውን 1 ዴሲቤል ገደማ ይለውጣል።

ማይኩ የሚገባበት ጉድጓድ በኤምዲኤፍ ተፈልፍሎ በኢፖክሲ እየተሞላ ነው፤ ስፖንጁ ፊቱን ብቻ ይሸፍናል። እስኪደርቅ 24 ሰዓት፤ ከዚያ የቀን 4ቱ ልኬት በ16ቱም ቦታ ይደገማል።